ሚጣ ያንኳኳችው በር

እህቴ ሚጣ ሸሚዝ ስትተኩስ ቆማችሁ ብታዩ ደስ ይላችኋል። መጀመሪያ አንገትጌውን፣ ከዚያ ትከሻውን፣ ከዚያ እጅጌውን፣ ጀርባውን መጨረሻ ላይ። ካውያውን አትጫነውም፤ ዝም ብላ ታስኬደዋለች። የልብስ ንጽሕናው ባለቤት ለደንበኛ ሁሉ «እሷ ባትኖር ይሄን ቤት እዘጋው ነበር» ይላል። ለራሷ ግን አንድም ቀን ብሏት አያውቅም። ሰው እንዲህ ነው፣ ምን ይደረጋል።

እኔ ፀጉር ሠሪ ነኝ። ቀኑን ሙሉ የሰው ፀጉር እየፈታሁ የሰው ጉድ ስሰማ ስለምውል አፌ አያርፍም። የሰማሁትን ትንሽ ጨመር አድርጌ ማውራትም እወዳለሁ፣ አልክድም። የሚጣን ነገር ግን ምንም አልጨምርበትም፤ እንዳለ ራሱ ይበዛብኛል። በቤታችን እኔ በምላሴ፣ እሷ በሳቋ ነበር የምንታወቀው። ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች፤ ፍንጭቷን እንዳናይባት። ኧረ ፍንጭት ያምራል ብንላት ማን ሰምቶን። አሁን አፏን የምትሸፍንበት ምክንያት የላትም። እሁድ እሁድ ዛሬም ቤተክርስቲያኗ ትሄዳለች፣ ከኋላ ወንበር ላይ ትቀመጣለች፣ ትመለሳለች። ምን አሉ ብላችሁ ብትጠይቋት «ደህና ናቸው» ትላችኋለች።

ሦስት ነን። የመጀመሪያዋ እኔ፣ ተከታዬ ወንድማችን፣ ከዚያ እማዬ «ከእንግዲህስ በቃኝ» ካለች ከስንት ዓመት በኋላ ዱብ ያለችው ሚጣ። ወንድማችንን ቀጮ ነበር የምንለው፤ የሚበላው ሁሉ የት እንደሚገባ እግዜር ይወቀው። አባባ አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ጎሚስታ ነው፤ ጎማ ይፈታል፣ ይለጥፋል፣ ይነፋል። ቀጮም አብሮት ይሠራ ነበር። ሚጣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የጭነት መኪና ጎማ ውስጥ አጣጥፎ ያስገባትና ግቢውን ሙሉ ያንከባልላታል። ራሷ ዞሮ እያስመለሳት እንኳ «ድገመኝ ጋሽዬ» ትለው ነበር።

ከዚያ ቀጮ መጠጥ ጀመረ። አንድ ቀን ጠጥቶ መጣና የአንድ ሚኒባስ ጎማ ብሎኑን ሳያጠብቅ ለቀቀው። ጎማው መንገድ ላይ ወልቆ ሄደ። ሰው አልሞተም፣ እግዜር ይመስገን፤ አንዲት ሴትዮ ግን እጇ ተሰበረ። አባባ ደግሞ በሥራው ቀልድ አያውቅም። በደንበኛው ሁሉ ፊት አንገቱን ይዞ አወጣውና «ከዛሬ ጀምሮ በእኔ ስም እንዳትጠራ። የማን ልጅ ነህ ቢሉህ የማንም በል» አለው። ቀጮ ቱታውን አውልቆ ጎማ ላይ አስቀመጠና ሄደ። እኛ ሲመሽ ይመጣል ብለን እራቱን ከድነን ጠበቅነው።

አልመጣም። ዓመት አለፈ፣ ሌላም ዓመት አለፈ። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር «እዚያ ትልቁ ከተማ ሕንፃ ሥራ ላይ አየሁት፣ ስጠራው ዞሮ ሄደ» ብሎ ነገረን። ከዚያ ወዲያ ወሬ የለም። እማዬ እንዳታለቅስ ሞተ የሚላት የለም፣ እንዳትስቅ አለ የሚላት የለም፤ እርሟን ሳታወጣ መሃል ላይ ተንጠልጥላ ቀረች። አባባ ስሙን አያነሳም። ሰው «ስንት ልጆች አሉህ?» ሲለው ግን «ሦስት» ይላል።

ሚጣ ትምህርቷን ስትጨርስ ልብስ ንጽሕናው ቤት ገባች። እዚያ ሁለት የውጭ አገር ልጆች በየሳምንቱ ሸሚዝ ያመጣሉ። ሁሌ ነጭ ሸሚዝ፣ ሁሌ ሁለት ሆነው፣ ደረታቸው ላይ ጥቁር ባጅ። ሞርሞን የሚባለው ቤተክርስቲያን ሚስዮናውያን ናቸው። ጢማቸው በቅጡ ያልወጣ ልጆች ናቸው፣ ማዕረጋቸው ግን «ሽማግሌ» ነው። ይኼን የነገረችኝ ቀን የደንበኛዬን ፀጉር በእጄ እንደያዝኩ ሳቅ ሊገድለኝ ነበር። እሷ ግን አልሳቀችም። ለካ አንዱን «የጠፋ ሰው እንዴት ይገኛል?» ብላ ጠይቃው ኖሯል። ልጁ በተሰባበረ ቋንቋ «እግዚአብሔር የጠፋ ሁሉ የት እንዳለ ያውቃል። ጠይቂው፣ ይመራሻል» አላት።

«እትዬ፣ ያውቃል እኮ ነው የሚሉት» አለችኝ ሰሃን እያጠብን። «ሰፈሩን፣ ቤቱን ያውቃል።»

«ታዲያ ካወቀ ለምን አይነግረንም?»

«አልጠየቅነውማ» አለችኝ።

በቃ፣ በዚያ ገባች። ተጠመቀች። ሻይ ተወች፣ በእነሱ ዘንድ ክልክል ነው፤ እማዬን ያበሳጫት ሃይማኖቱ ሳይሆን ሻዩ ነበር። «ምን ያደረጋቸው ሻይ ነው?» እያለች ስንት ጊዜ ነዘነዘቻት። ከዚያ ሚጣ ሚስዮን እሄዳለሁ አለች። ዓመት ከመንፈቅ ከቤት ርቆ፣ ደሞዝ የለ ምን የለ፣ በእግር እየዞሩ መስበክ። የት እንደምትሄጂ አንቺ አትመርጪም፣ እነሱ ይመድቡሻል። የምድቡ ወሬ የመጣ ቀን ፀጉር ቤቴ ድረስ ሮጣ መጣች፤ ትንፋሽ አጥሯት መናገር አቃታት። የመደቧት ሾፌሩ ቀጮን አየሁት ያለበት ትልቁ ከተማ ነው።

«ቢሮ የተቀመጠ ሰው ነው የመደበሽ» አልኳት፤ ልቧን እንዳትሰቅል ብዬ።

«ሰውዬውንስ ማን ነገረው?»

 እማዬ ስትሰማ በሞርሞን ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ አላት። ሻንጣውን ራሷ አዘጋጀች፣ ከልብሱ ሥር የወንድ ካልሲ ጨመረችበት። ማናችንም ለምን ነው አላልናትም። ሚጣ እግዚአብሔርን ልታገለግል ሄደች፣ እውነት ነው፤ ወንድሟንም ልታመጣ ነው የሄደችው። ይኼን እሷም ታውቃለች፣ እኛም እናውቃለን፣ እግዚአብሔርም ያውቅ ነበር።

ሕጋቸው ብዙ ነው። ሁለት ሁለት ሆነው ነው የሚኖሩት፤ ከጓደኛሽ ዓይን አትርቂም፣ ሽንት ቤት ካልሆነ በቀር። ሴት በሌለችበት፣ ወንድ ብቻውን ባለበት ቤት አትገቢም። በራስሽ ስምም አትጠሪም። ባጁ ላይ የሚጻፈው «እህት» ይልና የአባትሽ ስም ነው። ሚጣን በዓመት ከመንፈቁ ሁሉ «እህት እንትና» እያሉ በአባባ ስም ነው የጠሯት። አባባ ይኼን ሲሰማ ደስ እንዳለው ከጆሮው አወቅሁ፤ ደስ ሲለው ጆሮው ይቀላል።

ጓደኛዋ የውጭ አገር ልጅ ነበረች፣ ረጅም፤ እኔ «ረጅሟ» ነው የምላት። ቋንቋው ስላልገባላት ስትናገር ትጮኻለች። ልብስ በሚያጥቡበት ቀናቸው በየሳምንቱ ወደ ቤት መደወል ይፈቀዳል፤ ሚጣ ያኔ ያኔ የሳምንቱን ምሪት ትዘረግፍልኛለች። አውቶቡስ ተሳስተን ተሳፈርን፣ አጠገባችን የተቀመጠችው ሴት ባሏን የቀበረች ነበረች። ጫማዬ ተበጠሰ፣ የሰፋልኝ ሰውዬ ከሚስቱ ጋር ሊፋታ ነበር፣ አስታረቅናቸው።

«አሁን ደግሞ እግዜር ጫማ መበጠስ ጀመረ?» እላታለሁ።

«ምን ታውቂያለሽ አንቺ» ብላ ትስቃለች፤ እጇ ወደ አፏ ሲሄድ በስልኩ ውስጥ አየዋለሁ።

በገባችበት ቤት ሁሉ ግን ጸሎቱ ካለቀ በኋላ አንድ ጥያቄ ትጠይቃለች። ቀጭን፣ ረጅም፣ ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ያለው ሰው ታውቃላችሁ? የሚያውቅ የለም። ዓመት ሊሞላት ሲል ድምፅዋ ተለወጠብኝ። «እትዬ» አለችኝ አንድ ቀን፣ «የሰውን ሁሉ ባል፣ የሰውን ሁሉ ልጅ ያሳየኛል። የኛን ብቻ ይደብቀኛል። ምን በድዬው ነው?»  ስልኩን ስዘጋ አንጀቴ እርር ብሎ ነበር፤ በእሷ አይደለም፣ ይመራኛል ባለችው ነው።

የሚቀጥለው ሳምንት ግን ፊቷ በርቶ ደወለች። ነገሩ እንዲህ ነው። የቀጠረቻቸው ሴት ቀረችባቸውና መንገድ ላይ የሚሄዱበት አጥተው ቆመዋል። ሚጣ ዓይኗን ሳትጨፍን በሆዷ «ዛሬ እንኳ ምራኝ» አለች። በዚህ መሃል አንዲት ሴትዮ ሁለት ጀሪካን ውኃ ተሸክማ ስታልፍ እጅ ለመቀየር አንዱን መሬት አስቀመጠች። ሚጣ ብድግ አደረገችው። «ኧረ ተይ ልጄ፣ ቀሚስሽ ይረጥባል» ብትላት አልሰማ አለች። እየተሳሳቁ አንድ ግቢ ደረሱ፤ ግራና ቀኝ የሚከራዩ ክፍሎች የተደረደሩበት፣ ቧንቧ የሌለው ግቢ። ሴትዮዋ አከራይዋ ናት።

«ይኼኛው ውኃ ለግንበኛው ነው፣ ከኋላ ላለው ተከራዬ» አለች። «ታሞ ከተኛ ሰንብቷል፣ ጠያቂም የለው። እናንተ የእግዜር ሰዎች ትመስላላችሁ፣ ጎራ ብላችሁ ጸልዩለት።»

ሚጣ ዞር ብላ አየቻት። «ዕድሜው ስንት ነው?»

«ኧረ ትልቅ ሰው ነው፣ ሽበት የወረሰው።»

እሱ አይደለም ማለት ነው፤ ቀጮ ገና ጎልማሳ ነው። ሆኖም ውስጧ ሂጂ የሚላት ነገር አልተዋትም። አከራይዋ አትክልት የምትሸጥበትን ቦታ ለጎረቤት አደራ ብላ ነበርና ጀሪካኑን በሩ ሥር አስቀምጣ ተመልሳ ሮጠች። ሚጣ አንኳኳች።

«ማነው?» አለ ከውስጥ ድምፅ። ድምፁ ተቆራርጧል፣ ሳል የጨረሰው ነው።

«ልንጸልይልዎት የመጣን ነን። ቤት ውስጥ ሴት አለች?»

«የለችም። ብቻዬን ነኝ።»

ረጅሟ ሕጉን ታውቃለች፣ ሚጣም ታውቃለች። ሚጣ ግን ከበሩ አልተነሳችም። ያኔ ረጅሟ በዚያ ጩኸቷ «እህት እንትና፣ አይቻልም፣ እንሂድ» ብላ በአባባ ስም ጠራቻት። ከውስጥ ጸጥ አለ። ሚጣ «ከደጅ ሆነን እንጸልይልዎት?» አለች።  ቆይቶ «ዛሬ አልችልም። ሂዱልኝ» አለ ድምፁ።

«እሺ፣ እንመለሳለን። አይዞዎት» ብላው ሄደች።

«የማንንም በሽተኛ በር ድረስ ወስዶሽ ነው እንዲህ ደስ ያለሽ?» አልኳት። «አድራሻ ተሳስቶ ይሆናላ።»

«አላውቅም እትዬ። ግን እንደዚያ ቀን መርቶኝ አያውቅም። እጄን በሩ ላይ ሳደርግ ማልቀስ አማረኝ።» ሰውዬውን ለወንዶቹ ሚስዮናውያን ሰጥተናቸዋል፣ እነሱ መግባት ይችላሉ አለችኝ። በዚያው ሳምንት እሷን ወደ ሌላ ከተማ ቀየሯት፤ መቀያየር ልማዳቸው ነው። ወንዶቹም ተቀያየሩ፣ አድራሻው ከእጅ ወደ እጅ ሲል ጠፋ። ይኼን በኋላ ነው የሰማነው።

ወር ገደማ ቆይቶ አንድ የአውቶቡስ ሾፌር ጎማ ሊያስነፋ አባባ ዘንድ ቆመ። «ማቆሚያው አጠገብ ያለኸው ጎሚስታ አንተ ነህ? አንዲት ሴትዮ መልእክት ሰጥታኛለች። ልጅህ በጠና ታሟል፣ ድረስ ብላለች» አለው። አባባ የጎማ መፍቻውን እንደያዘ ፀጉር ቤቴ መጣ። «ተነሽ» ብቻ ነው ያለኝ። በዚያው አውቶቡስ ሄድን፤ መንገዱን ሙሉ መፍቻውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ማን ነጥቆት።

አልደረስንበትም። ትናንት ቀብረነዋል አለችን አከራይዋ። ክፍሉን አሳየችን፤ አልጋ፣ አንድ በርጩማ፣ ግድግዳ ላይ የተንጠለጠለ የግንበኛ ቱንቢ፣ የታጠበ ሸሚዝ። አባባ ሸሚዙን ነካ አድርጎ እጁን መለሰ። ሴትዮዋ ደግ ናት፣ እንደ ወንድሟ ነው ያስታመመችው። ሲሚንቶው ሳንባውን ጨረሰው አለችን። «ሰው አልነበረውም» አለች፣ «አንድ ቀን ብቻ ሁለት የሃይማኖት ልጆች፣ አንዷ ፈረንጅ…»

«አንዷ ጀሪካን የተሸከመችልሽ» አልኳት።

አፍጥጣ አየችኝ። «አንቺ እንዴት አወቅሽ?»

 በርጩማው ላይ ቁጭ አልኩ። ሴትዮዋ ቀጠለች፤ ባትቀጥል ይሻለኝ ነበር። አመሻሹ ላይ ስትመጣ ቀጮ ተነስቶ አልጋው ላይ ተቀምጦ አገኘችው። «ከልጆቹ ጋር ሽማግሌ ሰውዬ ነበረ?» አላት። የለም፣ ሁለት ሴቶች ናቸው አለችው። «የአባቴን ስም ሲጠሩ ሰማሁ» አላት፤ ትኩሳቱ መስሏት ነበር። መንገድ ላይ እንደሰማችው፣ ፈረንጇ አጭሯን የምትጠራበት ስም እንደሆነ ነገረችው። ከዚያ «አጭሯ ምን ትመስላለች?» አላት። ፍንጭት፣ ስትስቅ አፏን የምትሸፍን አለችው። ወደ ግድግዳው ዞሮ አለቀሰ።

«ሲነጋ በሩን ከፍተሽ ተይልኝ አለኝ» አለች። «‘እንመለሳለን ብላለች፣ ትመለሳለች፤ ስትመጣ መነሳት ቢያቅተኝ ዝም ብላ ትግባ’ አለኝ። ሸሚዙን አሳጠበኝ። የእግር ድምፅ በሰማ ቁጥር ቀና ይላል። እኔም ገበያ ለገበያ ጥቁር ባጅ ያላት ልጅ ስፈልግ ሰነበትኩ፣ አጣኋቸው። ሲደክም ነው የእናንተን ቦታ የነገረኝ።»

አባባ እስከዚያ ድረስ ቆሞ ነበር። «ስሜን ሲሰማ ነው ያልከፈተላት?» አላት።

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ጋሼ። መጣብኝ ብዬ ፈራሁ ነው ያለኝ።»

አባባ ወጥቶ ግቢው ውስጥ መሬት ላይ ተቀመጠ። እኔ አባቴን ቀን ቀን ተቀምጦ አይቼው አላውቅም። ልጆች ሲሮጡ እየዘለሉት ያልፋሉ፣ እሱ አያያቸውም።

ከሚጣ ጋር የቤተክርስቲያኗ ሰዎች አገናኙኝ። ልነግራት ያሰብኩት መሞቱን ብቻ ነበር። ነገርኳት። አላለቀሰችም። «የት ሰፈር?» አለችኝ።

«እኔ ሰፈሩን የት አውቄ።»

«እትዬ። ግንበኛ ነበር?»

ዝም አልኩ። ዝምታዬ መልስ እንደሆነ ያኔ ማሰብ ነበረብኝ፣ ግን ምላሴ አልታዘዝ አለኝ።

«ግቢው ቧንቧ የለውም አይደል» አለች፤ መጠየቋም አልነበረም። ትንፋሽዋን እሰማለሁ። ከዚያ ቀስ ብላ «አወቀኝ?» አለችኝ።

«አላወቀሽም» አልኳት። «ራሱንም አያውቅም ነበር፣ ታሞ። ማን መጣ ማን ሄደ አያውቅም።»

 «እሺ» አለች በመጨረሻ። «ካላወቀኝ እሺ። ካላወቀኝ አልጠበቀኝም።»

በዚያች ቃል ነው ከዚያ በኋላ የቆመችው። አለቆቿ ወደ ቤትሽ ሂጂ ቢሏት እምቢ አለች። እኔ ደሜ ፈላ፤ ከእንግዲህ የማንን በር ልታንኳኪ ነው ብዬ ጮህኩባት። የመለሰችልኝ ዛሬም ከጆሮዬ አልወጣም። «መርቶኛል እኮ እትዬ። ባይመራኝ ኖሮ የለም ብዬ እተወው ነበር፤ እገላገል ነበር። በሩ ድረስ ነው የወሰደኝ። አሁን እንዴት አድርጌ ልተወው?» የሚመራ ሰው በር ድረስ አድርሶ ይመለሳል እንዴ? እኔ እንኳ እንግዳ ስሸኝ ታክሲ አሳፍሬ ነው። ይኼን ግን አላልኳትም። ከዚያ ወዲህ የሳምንቱን ወሬ ስጠይቃት «ደህና ነኝ» ብቻ ሆነ። ሴትዮ አገኘን፣ አውቶቡስ ተሳሳትን የሚባል ነገር ቀረ።

እማዬ ደግሞ ሌላ ናት። መርዶውን ስንነግራት የጠየቀችው አንድ ነገር ነው። «ብቻውን ነው የሞተው? የኛ ሰው ሳያይ?» ይቺን እየደጋገመች እህል ውኃ አልቀምስ አለች። ደረቷን ስትመታ ማየት አቃተኝና እውነቱን ነገርኳት። ሚጣ በሩ ድረስ ሄዳለት ነበር፣ እሷ እንደሆነች አውቋል፣ ሲጠብቃት ነበር አልኳት። እማዬ ቀና ብላ አየችኝ። «ከቤቱ ሰው እንደመጣለት አውቆ ነው የሞተው?» አውቆ ነው አልኳት። ያን ጊዜ የዓመታቱን ሁሉ ለቅሶ በአንድ ቀን አለቀሰችው፣ እርሟን አወጣች። ሊያጽናና ለመጣ ሁሉ «እህቱ ደርሳለት ነበር፣ አውቋታል» ትላለች። በዚያች ተጽናናች።

እንግዲህ ያንን ወሬ እናቴ ስትሰማው ትድናለች፣ እህቴ ብትሰማው ትሞታለች፤ ሁለቱ ደግሞ አንድ ቤት ሊገናኙ ነው። ሚጣ ከመመለሷ በፊት አባባ ባለበት እማዬን አስቀምጬ ለመንኳት። ለሚጣ አላወቀሽም ብያታለሁ፣ እንዳትነግሪያት አልኳት። «ለምን?» አለችኝ። እኔ ያን ሁሉ የማወራ ሴት ማስረዳት አቃተኝ። «ዝም ብለሽ እሺ በይኝ» አልኳት። «እሺ» አለችኝ፣ ግን አልገባትም፤ ከፊቷ ያስታውቃል።

ሚጣ የመጣች ቀን አባባ አውቶቡሱ በር ላይ እጁ የጎማ ጥላሸት እንደነካው አቀፋት። ነጩ ሸሚዟ ትከሻው ላይ ጥቁር ሆነ፤ አንዳቸውም ግድ አላላቸውም። ከስታለች። ቤት ገብተን ጎረቤት ሲገባ ሲወጣ ዋለ። እኔ በእሷና በእማዬ መሃል እንደ አጥር ተቀምጬ ነበር። እንግዳ ሁሉ የሚያወራውን እየሰማሁ ወሬው ወደ ቀጮ ባዘነበለ ቁጥር ወደ ሌላ እመልሰዋለሁ፤ ምላሴ ለዚህ ካልጠቀመ ለምን ይጠቅማል። ሁሉም ሄዶ ቤቱ ጸጥ ሲል የተበደርነውን አግዳሚ ለጎረቤት ልመልስ ወጣሁ። ብዙም አልቆየሁም።

ስመለስ ሚጣ እማዬ እግር ሥር ተቀምጣ ራሷን ጭኗ ላይ ጥላለች። አባባ በሩ አጠገብ ቆሟል።

«አላገኘሁልሽም እማዬ» አለች ሚጣ። «በሩ ላይ ቆሜ አላገኘሁልሽም።»

እማዬ ፀጉሯን እየዳበሰች ቀና ብላ አየችኝ። ተይ አልኳት በዓይኔ። አባባም «ተይ አንቺ» አላት።

«እንዴት ዝም ልበል፣ ልጄ እንዲህ ስትሰቃይ እያየሁ?» አለች እማዬ። ከዚያ ጎንበስ አለችና «አገኘሽው እንጂ የኔ እናት። አውቆሻል እኮ። በሩን አስከፍቶ ሲጠብቅሽ ነበር» አለቻት።

ሚጣ ራሷን ከጭኗ አነሳች። እኔን አየችኝ፣ አባባን አየችው።

«ስንት ቀን?» አለች።

«እስከ መጨረሻው ነዋ ልጄ» አለቻት እማዬ፣ ፊቷ በደስታ በርቶ።